እኛን በደጉ ዘመን ማን አሠለጠነን?

እህህ! የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጉልበትስ? የእኔ እንደሆነ ሲበርድ ያመኛል፣ ሲሞቅ ያመኛል፣ ዜና ስሰማ ደግሞ ይብስብኛል። ዛሬ ግን ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ጉልበት ላወራ አይደለም፤ ስለ ሥልጠና ነው። አገሩ ሁሉ ሥልጠና ሆኖ አረፈው! የሰፈሬ ወጣት በሙሉ ይሠለጥናል። ሠልጥኖ ይወጣል፣ ሰርተፍኬቱን ደረቱ ላይ ይዞ ፎቶ ይነሣል፣ በሳምንቱ ሌላ ሥልጠና ይገባል። «ምን እየሠራህ ነው ልጄ?» ስትሉት «ለሥራ እየተዘጋጀሁ ነው አባባ» ይላችኋል። አምና ለኮምፒዩተር ሥራ ይዘጋጅ የነበረው ዘንድሮ ለኤአይ ሥራ ይዘጋጃል። ከርሞ ምን እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው፤ ለእሱም ይዘጋጃል።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እኛ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ገብተን፣ እዚያው ሸብተን፣ በዚያው በር ጡረታ ወጣን። ማን «ተዘጋጁ» አለን? ማንስ በጀት ያዘልን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤአይ ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ጉድ መጣና የሰውን እንጀራ ሊነጥቅ ነው ተባለ። ማሽኑን የሠሩት ባለጸጎች ራሳቸው ደነገጡ መሰል፣ «ወጣቱን ለአዲሱ ሥራ የሚያዘጋጅ በጎ አድራጊ ካለ ይምጣ፣ ገንዘብ አለን» ማለት ጀመሩ። ጎግል በበጎ አድራጎት ክንፉ በኩል እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. 75 ሚሊዮን ዶላር መድቦ 1 ሚሊዮን አሜሪካውያንን ኤአይ አስተምራለሁ አለ። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕን ኤአይ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2025 ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሆን 50 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ወደ እኛ ሠፈር ስትመጡ ደግሞ ማስተርካርድ ፋውንዴሽን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ 30 ሚሊዮን የአፍሪካ ወጣቶች የተከበረ ሥራ እንዲይዙ አስቧል፤ ከእነዚያ 10 ሚሊዮኑ የእኛው ልጆች ናቸው። መንግሥትም አላረፈም። ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለውን በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ትምህርት አስጀመረ። አምስት ሚሊዮን! እኔ ልጅ ሳለሁ በአዲስ አበባ ከተማ አምስት ሚሊዮን ሰው አልነበረም፤ የነበረውም ሁሉ ሥራ ነበረው፣ ሥራ ያልነበረውም ጨዋ ነበር።

መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ቁጥር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። ያንን 75 ሚሊዮን ለ1 ሚሊዮን ባካፍለው ለነፍስ ወከፍ 75 ዶላር ደረሰ። በእኔ ጊዜ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ ስለዚህ 155 ብር ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። በ155 ብር በዚያ ዘመን ምን ይደረግ እንደነበር ለእናንተ አልነግርም፤ በሬውን ከነቀንበሩ ገዝታችሁ፣ ሠርግ ደግሳችሁ፣ ለአውቶቡስ መሳፈሪያ ይተርፋችሁ ነበር። ዛሬ ብሩ ሐምሌ 2016 ገበያው ላይ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩን በመቶ ቤት ቆጥራችሁ እንኳ አትደርሱበትም። ያኔ ሁላችንም ስናለቅስ ፈገግ ሲል ያየሁት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ዶላር የጸደቀለት የኤን ጂ ኦ ሒሳብ ሹም።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚገኝ የነገረኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሁለት ክፍልና አንድ የተጣበቀ በር ባለው ድርጅት ውስጥ ፕሮፖዛል ይጽፋል። ድሮ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ትዝ ይላችኋል? የባለጉዳዩን ጣጣ ሰምቶ፣ በደሉን ትንሽ አግንኖ፣ «ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና» ብሎ የሚጀምረው? ይኸኛውም እሱው ነው፤ ልዩነቱ ጥላው መቅረቱና ባለጉዳዩ በደሉን አለመስማቱ ብቻ ነው። ፕሮፖዛል ውስጥ ወጣቱ መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለቀለት፣ ተስፋ የቆረጠ፣ ሊሰደድ ሻንጣውን ያሰረ ነው። ገጽ ስድስት ላይ ስትደርሱ ግን በሦስት ወር ሥልጠና ተለውጦ ዓለም አቀፍ ገበያ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ተአምር በገድል መጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው።

ሎግ ፍሬም የሚሉት ሰንጠረዥ ደግሞ አለ። ግብ፣ ውጤት፣ አመላካች፣ ማረጋገጫ፣ ስጋት እያለ በዓምድ በዓምድ ይሞላል። ልጁ ስጋት በሚለው ዓምድ «የመብራት መቋረጥ» ብሎ ጻፈ፣ መፍትሔ በሚለው ደግሞ «ጄኔሬተር መከራየት» አለ። ለጋሹ ስጋቱን አጸደቀና ጄኔሬተሩን ሰረዘው። ምን ትላላችሁ! ይህን ሁሉ ሰንጠረዥ ማን እንደሚሞላው ስጠይቀውስ? «ድሮ እኔ ነበርኩ አባባ፣ አሁን ቻት ጂፒቲ ነው።» ወጣቶችን ከማሽኑ ለማዳን የሚለመነውን ገንዘብ ማሽኑ ራሱ ይለምናል ማለት ነው። ማዶ ያለው ለጋሽም በየቀኑ የሚጎርፍለትን ወረቀት በማሽን አያስነብብም ብላችሁ ትምላላችሁ? እኔ አልምልም። እኔ ለጡረታ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ስጽፍ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ባለፈው ጊዜ ብቻ እጄ ስለደከመኝ የልጅ ልጄ ለማሽኑ ነግራልኝ ሁለት ገጽ አሳምሮ ጻፈልኝ፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ሐሳቡን ሰጥቻለሁ።

ሕጉም አለላችሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ከመቶ 30 በላይ ለአስተዳደር እንዳያወጡ ያስር ነበር፤ በዚያ ዘመን የአሠልጣኙ ጉዞ ሳይቀር አስተዳደር እየተባለ ሰዎቹ ሲያነቡ ኖሩ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 መጣና ጣሪያውን ከመቶ 20 አደረገው፤ ግን አስተዳደር የሚባለውን ለይቶ ስላስቀመጠ ትንሽ ተነፈሱ። እኔ በነበርኩበት መዝገብ ቤት ከመቶ መቶው አስተዳደር ነበር። ምን ጎደለብን?

አሁን ወዳየሁት ልምጣ። አንድ ቀን «የማኅበረሰብ ተወካይ» ተብዬ ተጠራሁ። እንዲህ ያለ ነገር አልወድም፤ ሆኖም ሰው ጠርቶ መቅረት ነውር ነው ብዬ ከረባቴን አሥሬ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። አዳራሹ ፊት ለፊት ባነር ተሰቅሏል፤ ባነሩ ላይ ከሰባት ያላነሰ ድርጅት አርማ ተደርድሯል፣ ከአርማዎቹ ሥር በደቃቅ ፊደል ወጣቶችን የሚመለከት አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። በር ላይ ስም ስታስመዘግቡ ቦርሳ ይሰጣችኋል። ቦርሳው ውስጥ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና ቲሸርት አለ። ቲሸርቱ ለእኔ ጠበበኝ፤ ይህንንም በግምገማ ቅጹ ላይ በሚገባ ገልጬዋለሁ።

ሠልጣኞቹ ሠላሳ ይሆናሉ፤ ላፕቶፕ ያላቸው ጥቂት ናቸው፣ ሌላው ስልኩን ይዟል። አሠልጣኙ ጢሙን በልኩ የተላጨ፣ ደግ ልጅ ነው። «ዛሬ ማሽኑን ሲቪ እናስጽፈዋለን» አለ። ሁሉም አስጻፉ። ከዚያ ተራ በተራ እየተነሡ አነበቡ። ወዳጆቼ፣ ሠላሳ ልጅ ተነሥቶ አንድ ሰው ሆነ! ሁሉም «በቡድን መሥራት የሚወድ»፣ ሁሉም «ችግር ፈቺ»፣ ሁሉም «ለለውጥ ዝግጁ» ነው። አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ብቻ ማሽኑ የጻፈላትን ትታ «አክስቴ ሱቅ ውስጥ አራት ዓመት ሒሳብ ይዤአለሁ፣ ጎድሎብኝ አያውቅም» ብላ አነበበች። አሠልጣኙ «ጥሩ ነው፣ ግን ፕሮፌሽናል አድርጊው» አላት። እኔ ቀጣሪ ብሆን እዚያው ነበር የምቀጥራት። ማሽኑ በአማርኛ የጻፈው የሥራ ማመልከቻስ! «ውድ የቅጥር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ መልእክት በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል። የማመልከቻ ወጉ ይህ ነው? በእኛ ጊዜ በግራ በኩል «ለ» ብለህ መሥሪያ ቤቱን ትጽፋለህ፣ «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለማመልከት» ብለህ ታሰምርበታለህ፣ ቴምብር ትለጥፋለህ። ከዚያ ሁለት ዓመት ትጠብቃለህ። ሥርዓት ማለት ያ ነበር።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ መብራት ጠፋ። ሳምቡሳው ግን ጥሩ ነበር። ስንወጣ ድርጎ ሰጡን፤ አበል የሚሉት እሱ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ በአበል ማለቁ እንዴት እንደሚያንገበግበኝ! ደግሞ ያነሰበት ምክንያት አልገባኝም፤ ቀበሌ ማዶ ያለው ድርጅት ከዚህ የተሻለ ይከፍላል ብለውኛል።

ሥራውስ ትሉኝ ይሆናል። መዘጋጀቱ እሺ፣ የተዘጋጁለት ሥራ ምንድን ነው? ይህን የማውቀው ከቤቴ ነው። የልጅ ልጄ ሥልጠናውን ጨርሳ አንድ ሥራ አገኘች፤ በኢንተርኔት ነው፣ ቀጣሪዋን አይታው አታውቅም። ስክሪኑ ላይ የመንገድ ፎቶ ይመጣላታል። እሷ በጣቷ እየጎተተች በእያንዳንዱ ነገር ዙሪያ ሳጥን ትሥላለች፤ ሰው፣ መኪና፣ ብስክሌት፣ እንስሳ። ማዶ አገር ያለ መኪና ያለ ሹፌር ሲሄድ እንስሳውን እንዳይገጭ ለማስተማር ነው አሉ። ልጅቱ በማኔጅመንት ዲግሪ አላት። ዲግሪ ይዛ አህያ ትከብባለች! «ልጄ፣ ይህ ሥራ ነው?» አልኳት። «ዳታ አኖቴሽን ነው አባባ» አለችኝ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አህያ ለይቼ አውቃለሁ፤ ማንም በሳንቲም ያመሰገነኝ የለም።

ሳጥኑ አህያውን ካልነካው ይሰረዝባታል፣ ከሰፋም ይሰረዝባታል። አንድ ምሽት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ «እንስሳ፦ አህያ» ብላ ልታልፍ ስትል «ቆይ! ጆሮውን እዪው እስቲ፣ ይህ በቅሎ ነው» አልኳት። ከዚያ ሌላ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ አንድ ኤን ፒ አር አይሱዙ ከጀርባው ፍየል ጭኖ መጣ፤ ፍየሎቹ እያንዳንዳቸው ሳጥን ይሠራላቸው ወይስ አንድ ላይ? ተከራከርን። እኔ እያንዳንዳቸው አልኩ፤ ፍየልም ቢሆን ነፍስ ነው። የማታው ዜና እንኳ አለፈኝ። አሁን አሁን ከእራት በኋላ «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ ለእሷ ብዬ ነው እንጂ ለእኔማ ምን ይፈይድልኛል።

ክፍያውን አትጠይቁኝ። በዚህ ሥራ ቀድማን የሄደችው ናይሮቢ ናት። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 እንደዘገበው፣ ቻት ጂፒቲ ጸያፍ ነገር እንዳይናገር ጸያፉን ሁሉ እያነበቡ ምልክት ሲያደርጉ የነበሩ ኬንያውያን እጅ የሚገባው በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ነበር። አስተማሪዎቹ እነዚህ ናቸው እንግዲህ፤ ማሽኑ የበላውን ያበሉት። ወደ ልጅ ልጄ ልመለስና፣ ሥልጠናዋ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ካሠለጠናት ድርጅት ስልክ ይደወላል። «ሥራ አገኘሽ?» «አዎ።» «እናመሰግናለን።» ተዘጋ። የልጅ ልጄ ሪፖርት ላይ «ሥራ ያገኙ» በሚለው ዓምድ አንድ ሆና ገባች። ስንት ይከፍሉሻል፣ እስከ መቼ ነው፣ ውል አለሽ ወይ፣ ጡረታ ይቆረጥልሻል ወይ የሚል ዓምድ ቅጹ ላይ አልነበረም። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ዓምድ የሌለው ነገር እንደሌለ እንደሚቆጠር ነው።

የእኛ ዘመን! ወይ የእኛ ዘመን! የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ ታይፕ ስማር የማንም የውጭ ገንዘብ አልነበረበትም። በራሳችን ወዝ ነው የተማርነው። እርግጥ የእንግሊዝኛው መምህራችን እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ከመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓዶች አንዱ ነበር፤ ደሞዙን ግን አገሩ ስለሚከፍለው እኛን አይመለከትም። ታይፖቹ ላይ ሁለት እጅ የተጨባበጠበት ምልክት ተለጥፎ ነበር፤ ፖይንት ፎር የሚሉት የአሜሪካ እርዳታ ያመጣቸው ናቸው ይሉ ነበር፤ ያ ወዳጅነት ነው እንጂ ድጎማ አይደለም። የእርዳታ ዱቄት ወተቱንም ቢሆን ስለሚጣፍጥ ነው የጠጣነው። ታይፑ ራሱ አዲስ ማሽን ነበርና በእጅ የሚጽፉት አዛውንት ጸሐፊዎች «ይህ ብረት የሰው እንጀራ ይነጥቃል» እያሉ ሲያጉረመርሙ ትዝ ይለኛል። እንዴት እንስቅባቸው ነበር! ጨርሶ ኋላ የቀሩ ሰዎች ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ካኪውን ለብሶ ገጠር ገባ። በፈቃዳችን ነው የዘመትነው። ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም፣ ሥራም አያገኝም ተብሎ ስለነበር ፈቃዳችን ጽኑ ነበር። ባነር የለ፣ ምን የለ፤ መፈክር ብቻ። ያስተማርነውን ሰው ቁጥርም ማንም አላጋነነም፤ ለአለቆቻችን ደስ የሚላቸውን ያህል ብቻ ነበር የምንጽፈው።

ወጣት ማለትስ ድሮ ቀረ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ይለዋል፤ የአፍሪካ ኅብረት ቻርተር ደግሞ እስከ 35 አደረሰው። 35! እኔ በ29 ዓመቴ የሦስት ልጆች አባት፣ የዕድር ዳኛ፣ ግማሽ ራሴ ሸበቶ ነበርኩ። የጎረቤቴ ልጅ 34 ሲሞላው ቢጫ መብራት እንደታየው ሹፌር በአንድ ዓመት ውስጥ ያገኘውን ሥልጠና ሁሉ ገባ።

ደግሞ ያ የውጭ ገንዘብ የሚታመን አይደለም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ቃና ዘገሊላን እያከበርን፣ ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ተፈረመና የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ታገደ። የእርዳታ መሥሪያ ቤቱ ዩኤስኤይድ ራሱ ሰኔ 24 ተዘጋ። በሰፈራችን ሥራ ፈላጊን ሲያሠለጥኑ የነበሩት ልጆች በአንድ ሳምንት ሥራ ፈላጊ ሆኑ። አንደኛው ለሥልጠና ሊመዘገብ ሄዶ ቅጹን ሲያየው ራሱ ያዘጋጀው ቅጽ ነበር። ሁልጊዜ እል ነበር፣ የውጭ ገንዘብ አይበጀንም፣ ይቅርብን። ከቀረ ወዲያ ግን ማንም የማኅበረሰብ ተወካይ ብሎ አልጠራኝም፤ አገሩ ሽማግሌ ማክበር ተወ።

ማሽኑን እንዲህ ፈርተን መርበድበዳችን ራሱ ይገርመኛል። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ነበር። ሻንጣዋን መጠበቅ ያቃታት የእኔን ሥራ ልትወስድ! የዚያች ሮቦት የአንጎል ፕሮግራም በከፊል የተጻፈው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አይኮግ ላብስ በሚባለው ድርጅት ውስጥ በእኛ ልጆች ነው። እነዚያ ልጆች የሦስት ቀን ወርክሾፕ አይደለም ያበቃቸው። መጀመሪያ የሚሠራ ሥራ ተሰጣቸው፣ ከፊታቸው የሚያውቅ ሰው ተቀመጠ፣ ተበላሸ፣ ተስተካከለ፣ ዓመታት ወሰደ። ልክ እኛ ታይፕ ቤት ከአለቃችን ሥር ተቀምጠን ስናበላሽና ስንገሠጽ እንደተማርነው። ይህን ለፕሮፖዛል ጸሐፊው ስነግረው «አባባ፣ የፕሮጀክቱ ዕድሜ አሥራ ስምንት ወር ነው» አለኝ።

ስለዚህ እናንተ ገንዘብ ያላችሁ፣ እስቲ ስሙኝ። ሎግ ፍሬማችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ «ማን ይቀጥረዋል? በስንት ብር? እስከ መቼ?» የምትል። ያቺን ዓምድ ሳትሞሉ ባነር አትስቀሉ። ቀጣሪውን ቀድማችሁ አስፈርሙት፣ ከሥልጠናው ገንዘብ ግማሹን ለልምምድ ደሞዝ አድርጉት፣ አክስቷ ሱቅ ሒሳብ የያዘችውን ልጅ ፈልጉና ከሚያውቅ ሰው አጠገብ አስቀምጧት። ጄኔሬተሩንም አትሰርዙ። በዕድሜ ወሰኑም ላይ ቢታሰብበት አይከፋም፤ በቅሎን ከአህያ የሚለይ ልምድ ያለው ሰው ከ35 ዓመት በላይም ይገኛል፣ እኔም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሥራ የለኝም። ቲሸርቱ ባለ ሁለት ኤክስ ይሁን። አበሉም ቢሆን ከባለፈው ይሻሻል።